ለዘር የተለወጠው መገነዣ

በአንድ ወቅት፣ በረዶ የደረሰ ገብስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከአፈር ቀላቅሎ ከሄደ በኋላ በመጣው ሰኔ፣ የሻረግ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት የራሷን መገነዣ ጋቢ ልትለውጥ ከሦስት ልጆቿ ጋር ገበያ ወጣች።

ገበያው አፋፍ ሐሙስ ይባላል። ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ገደል ጫፍ ላይ ይቆማል። ከታች ጨውና ጥጥ ይወጣል፤ ከላይ ገብስና ባቄላ ይወርዳል፤ ብር የያዘ ሰው እምብዛም ስለማይገኝበት ዕቃ በዕቃ ይለወጣል። እንዲህ ያለ ገበያ ሥርዓቱ ብዙ ነው። ሌላ ሰው በእጁ ይዞ በሚያየው ዕቃ ላይ ዋጋ አይጠራበትም። ዋጋው ተቆርጦ ከመሬት የተነሣ ዕቃ አይመለስም። «ለምን ልታውለው ነው?» ተብሎም አይጠየቅም፤ የገዢ ችግር የራሱ የገዢው ነው። ዘር ብቻ ከዚህ ይለያል። ፈላጊው መዳፉን መሬት ላይ አድርጎ «ለዘር ነው» ካለ ሻጩ የማይበቅል እህል አይሰጠውም፤ ገዢውም በዋጋው አይከራከርም። በዘር የሚከራከር በልጁ ይከራከራል ይላሉ።

መገነዣም የራሱ ሥርዓት አለው። ከሬሳ ላይ የተገፈፈ እንዳይሆን፣ ባለቤቱ በሕይወት አጠገቡ ካልተቀመጠ የሚነካው የለም። ስለዚህ የሻረግ ጉልበቷ እያመማት፣ አንዴ በልጇ ትከሻ፣ አንዴ በበትሯ ተደግፋ ዳገቱን ወጣች። ልጆቿ ጋቢውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲዘረጉት እሷ ከጎኑ ተቀመጠች። ጥጡን ፈትላ ለሸማኔ እስክትሰጥ አራት ክረምት ፈጅቶባታል። እንዝርቷን ባሾረች ቁጥር አንድ ነገር ታስብ ነበር፤ እናቷ በሰሌን ብቻ ተጠቅልላ ነበር የሄደችው።

የገበያው ሹም፣ በትሩን ክንዱ ሥር አድርጎ፣ መጥቶ ቆመባት።

«በፈቃድሽ ነው፣ የሻረግ?»

«በፈቃዴ ነው፣ ጌታዬ።»

«ልጆችሽ አላስገደዱሽም?»

«ያስገደደኝ በረዶ ነው። ከቻሉ እሱን ይክሰሱልኝ።»

ሹሙ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። የሻረግም እሱ ሳይሄድ የቆየባትን ቃል ተናገረች። ባሏ የተወላት ማሳ አራት ቁና ዘር ይጠጣል። ለሦስት ቢከፈል ለአንዳቸውም አይሆንም፤ አንዱ ካረሰው ሁለቱ ሰው ቤት ተቀጥረው ያድራሉ። ይህን ሦስቱም ያውቁታል፤ ሲበሉም ሲተኙም ያስቡታል።

«ልጆቼ፣ ለዚህ ማሳ ዛሬ ዘር ያገኘለት የማሳው ጌታ ይሁን» አለች። «ወንድ ነው፣ ሴት ናት አልልም። ሹሙ ይስሙልኝ።»

«ሰምቻለሁ» አለ ሹሙ። «በገበያ የተሰጠ ቃል ገበያው ሳይፈታ ይዘጋል፤ እንዳትረሺ።»

ይመር የበኩር ልጇ ነው፤ ምላስ ተሰጥቶታል። ልጅ ሆኖ የጎረቤት ዶሮ በሁለት ጭልፋ ተልባ ለውጦ አምጥቶ፣ ባለ ዶሮዋ ማታ መጥታ የመረቀችው ልጅ ነው። ጋቢውን ካነጠፉት በኋላ ማንንም አልጠራም። ቆሞ ጥፍሩን ይቆርጥ ጀመር።

ጨው ነጋዴው አያ እንድሪስ መጣ። አሞሌውን ሜዳ ላይ ከምሮ፣ ከጎኑ ደግሞ ሲነጋ ጀምሮ በጨው ለውጦ ያጠራቀመውን ገብስ ከምሯል። ጋቢውን አነሣ፤ በጣቶቹ አሸው፤ ወደ ብርሃን ዘረጋው።

«ስስ ነው» አለ።

«አያ እንድሪስ፣ ጋቢው ነው ወይስ ዓይንህ?»

እንድሪስ ወደ እናትየው ዞረ። «እናቴ፣ ይህን ለብሰው ሊቀበሩ ነበር? ብርድ ይይዝዎት ነበር እኮ።»

«እዚያ ሄዶ በረደኝ ብሎ የተመለሰ አላየሁም» አለች የሻረግ።

ዙሪያውን የቆሙት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«አራት ቁና ገብስ» አለ እንድሪስ።

«አራቱ የፈትሉ ነው። የሽመናውን ደግሞ ንገረኝ።»

«አምስት።»

«አሁን የተነጠፈበትን ድንጋይ ገዛህ። ወደ ጋቢው ና።»

እንድሪስ ጋቢውን ጥሎ ሄደ። ይመር አልጠራውም። ሁለተኛ ተመልሶ ስድስት አለ፤ ይመር ጥፍሩን ሳይጨርስ ቀና አላለም፤ እንድሪስ እያጉረመረመ ወደ ክምሩ ሄደ። የሻረግ ልቧ ተሰቀለ። ስድስትም ብዙ ነው፤ ልጄ በኩራቱ ሊያስቀረን ነው ብላ ፈራች። ይመር ግን እንድሪስን አልነበረም የሚጠብቀው። ዓይኑ ከገደሉ ማዶ ከቆላው በሚነሣው ደመና ላይ ነበር። የእንድሪስ ጨው ራቁቱን ተከምሯል፤ ሌላ የሚሸፍነው ነገር በአካባቢው አልነበረም። ደመናው አፋፉን ሲነካ እንድሪስ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ አሁን እየሮጠ ነበር።

«ዘጠኝ። ወላሂ፣ ከዚህ በኋላ አንዲት ፍሬ አልጨምርም።»

«ከመሬት አንሣው» አለ ይመር።

በአፋፍ ሐሙስ ለጋቢ ዘጠኝ ቁና ያገኘ ሰው አልታወቀም። ሰዎች ይመርን ትከሻውን መቱት፤ የሻረግም ደስ ሊላት ነበር። እንድሪስ ግን ጋቢውን ይዞ እየሮጠ ሄዶ አሞሌው ላይ ጣለው፤ አራቱን ጫፍ በድንጋይ ተጫነው። ወዲያው ዝናቡ ማንጠባጠብ ጀመረ። የአራት ክረምት ፈትል ነጠብጣብ ሲያነሣ ከተቀመጠችበት ሆና አየችው። ለምን ልታውለው ነው ተብሎ አይጠየቅም።

አራጋው ሁለተኛው ነው፤ ለእሱ የተሰጠው ዓይን ነው። የታመመ ላም ገና ሳትታመም ያውቃል፤ የተነቀዘ ባቄላ ከነቅርፊቱ ይለያል። ወንድሙ ስልቻዎቹን ሲያስር ከአንዱ ጭብጥ ገብስ ዘገነ። አሸተተው። አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰንጥቆ ቡቃያ የሚወጣበትን ጫፍ አየ፤ ጠቁሯል። ሌላ ሰነጠቀ፤ እሷም ጠቁራለች።

«ጉድጓድ የከረመ ነው» አለ። «ይመር፣ ለዘር ነው ብለኸዋል?»

«ብለው ኖሮ መከራከር አልችልም ነበር። ባልከራከር ለዚህ ጋቢ ሁለት ቁና ዘር ነው የምናገኘው።»

«ይህ አይበቅልም።»

«ዝቅ አድርገህ ተናገር።»

አራጋው ዝቅ አላደረገም። ተነሥቶ በገበያው መሐል «ይህ ገብስ ሞቷል፤ ለዘር የፈለገ አይውሰድ» አለ። የሰው ዕቃ በገበያ መሐል ማጣጣል ነውር ነው፤ እሱም ያውቃል። ነገር ግን ከእንድሪስ ክምር ሌሎች ሦስት ሰዎች እየሰፈሩ ነበር፤ እነሱም እንደ ይመር ችግራቸውን ደብቀዋል። ሦስቱም ቁናቸውን አስቀመጡ፤ አንዷ ሴትዮ መሬት ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እንድሪስ መጥቶ ይመር ፊት ቆመ። አልተቆጣም፤ ይህም ነገሩን አከፋው።

«ከሃያ ሰው እጅ የሰበሰብኩት የምግብ ገብስ ነው። ለዘር ብትለኝ ኖሮ እጅህን ይዤ ባለ ዘር ዘንድ አደርስህ ነበር። አልዋሸሁህም።»

እውነቱን ነበር። ከመሬት የተነሣ ስለማይመለስ ገብሱ የእነሱ ሆኖ ቀረ፤ ጋቢውም የእሱ።

አራጋው ከስልቻ ስልቻ እየዞረ ገበያውን ዳር እስከ ዳር ፈተሸ። በመጨረሻ ከእናቱ ድንጋይ ሳይርቅ፣ ማንም ያልቆመባት አንዲት አሮጊት ዘንድ ደረሰ። እመት ዘነቡ ትባላለች፤ ከላይ ከውርጩ አገር፣ የሁለት ቀን መንገድ በበቅሎ መጥታለች። ሁለት ዓይኗን ሞራ ለብሶታል። ገብሷ ጥቀርሻ የያዘና መልከ ጥፉ ስለነበር ሰው እያየ ያልፈው ነበር። አራጋው ግን ጥቀርሻው የምን እንደሆነ ገባው፤ ከምድጃ በላይ፣ ከቆጥ ላይ፣ ነቀዝ እንዳይነካው በጭስ የከረመ ዘር ነው። ተንበረከከና መዳፉን መሬት ላይ አደረገ።

«ለዘር ነው፣ እመት።»

«ይበቅላል» አለች አሮጊቷ። «በምን ልትለውጠው ነው?»

«ዘጠኝ ቁና የምግብ ገብስ አለን።»

«ቅድም ሞቷል ተብሎ የተጮኸበት?»

«እሱው ነው» አለ አራጋው።

«ሌላ ቀን ሁለት በአንድ እሰጥ ነበር» አለች። «ስሙ የጠፋ እህል ግን ነገ ማን ይቀበለኛል? ሦስት በአንድ።»

በዘር አይከራከሩም። ዘጠኙ ሦስት ሆነ፤ ማሳው የሚጠጣው ግን አራት ነው።

«አፍህን ዘግተህ ብትሄድ ኖሮ» አለ ይመር ጥርሱን ነክሶ፣ «አራት ቁና ዘር ይዘን አንድ ቁና ደግሞ ለቆሎ ይተርፈን ነበር።»

«ዓይን ባይኖረኝ ደግሞ በሐምሌ ባዶ ማሳ ትጠብቅ ነበር።»

የሻረግ ሁለቱንም ሰማቻቸው። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ሁለቱንም በበትሯ ልትመታቸው ፈለገች።

እታገኝ የመጨረሻዋ ናት። ለእሷ የተሰጣት እጅ ነው። እንዴት እንደሚሰፈር እናቷ ገና በሕፃንነቷ አስተምራታለች። እህሉን አፍስሰሽ ቁናውን ሁለት ጊዜ ብቻ ነቅንቂ፤ በመዳፍሽ አትጫኚ፤ ክምሩ ራሱ በየጎኑ መፍሰስ ሲጀምር አቁሚ፤ ስትሰጪም ስትቀበዪም ያው ይሁን። በሰፈራቸው ወንድማማቾች እህል ሲካፈሉ እሷ ካልሰፈረች አይታመኑም ነበር።

«እኔ አላይም» አለች እመት ዘነቡ። «ከእናንተ አንዱ ይስፈር። እግዜር ያያል።»

እታገኝ ቁናውን አነሣች። ይመር ከአሮጊቷ ጀርባ ቆሞ አውራ ጣቱን ወደ መዳፉ አጠፈ። ይህ ምልክት በየገበያው ይታወቃል። ስትሰጪ አውራ ጣትሽን ቁናው ውስጥ አግቢ፣ ሳትነቀንቂ አፍስሺ፤ ስትቀበዪ ጠቅጥቂ ማለት ነው። እንዲያ ቢሰፈር ዘጠኙ ዐሥር ተኩል ይወጣዋል፤ የሚገባው ዘርም ተጠቅጥቆ አራት ቁና ሊሞላ ምንም አይቀረው። እታገኝ ወደ አራጋው ዞረች። ቅድም በገበያው መሐል እውነት የተናገረው አራጋው ጥቂት ቆየና እሱም አውራ ጣቱን አጠፈ።

ከዚያ እናቷን አየቻት።

የሻረግ ፊቷን ወደ ደመናው አዞረች፤ ጠለቅ ያለ ነገር ያየች ይመስል እዚያው አቆየችው። እናትና ልጅ ናቸውና፣ ፊት ማዞር «አላየሁም» ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። የሻረግ ጆሮዋ ግን አልዞረም ነበር። ገብሱ ቁናው ውስጥ ሲፈስ ሰማች። ከዚያ መነቅነቁን ሰማች፤ አንድ፣ ሁለት። ከዚያም ክምሩ በየጎኑ ሲፈስ። ዘጠኝ ጊዜ እንዲሁ። ዘሩ ሲሰፈርም ሦስት ጊዜ እንዲሁ። ዘጠኙ ዘጠኝ ሆነ፤ ሦስቱም ሦስት።

አሮጊቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጥ ነበር።

«ይህ እጅ የማን ነው?»

«የልጄ ነው» አለች የሻረግ።

«እኔ ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ የገዛ ዘመዶቼ ናቸው የሚሰፍሩልኝ። ሲያጎድሉብኝ እሰማለሁ፤ ሰምቼም ምን አደርጋለሁ። አግብታለች?»

«አላገባችም።»

«ስንት ቁና ጎደላችሁ?»

«አንድ።»

«አንዱን እሰጣችኋለሁ። ልጅቷ አንድ ዓመት እኔ ዘንድ ትቀመጥ፤ ትስፈርልኝ፤ ውኃዬን ትቅዳልኝ።»

የሻረግን ከመደብ ደግፎ የሚያስነሣት፣ ጉልበቷን በሞቀ ቅቤ የሚያሽላት፣ የእሷንም ውኃ የሚቀዳላት ሌላ ሰው የለም። ይህን ለመናገር አፏን ስትከፍት ይመር ቀደማት።

«እመት፣ ስድስት ወር ይሁን። ክረምቱንና…»

«ለዘር አይከራከሩም፣ ልጄ» አለች አሮጊቷ በቀስታ።

አራጋው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እታገኝ ማንንም አልጠየቀችም። ቁናውን አንሥታ አራተኛውን ሰፈረች፤ ሁለት ጊዜ ነቀነቀችው፤ አልተጫነችውም። ስልቻው ውስጥ ገለበጠችና አፉን አሰረች፤ ከመሬት አንሥታም ለወንድሟ አሸከመችው። ከዚያ ሄዳ ከአሮጊቷ በቅሎ አጠገብ ቆመች።

ዝናቡ እየበረታ ስለሆነ ሰው ዕቃውን ይሰበስብ ጀመር። ሹሙ ካባውን ራሱ ላይ ጥሎ መጣ።

«የሻረግ፣ ገበያውን ልፈታ ነው። ቃልሽን ዝጊ። ማሳው የማን ነው?»

ይመር ስልቻውን እንደተሸከመ ተናገረ።

«ያንን ጋቢ ከስድስት በላይ የሚያወጣው ሰው በዚህ ገበያ አልነበረም። ዘጠኙን ያመጣሁ እኔ ነኝ። ዘጠኙ ባይኖር አራጋው የሚያጣጥለው፣ እታገኝም የምትሰፍረው አይኖራትም ነበር።»

«ያመጣኸው የሞተ ነው» አለ አራጋው። «የሚበቅለውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ስልቻው ውስጥ ካለው ዘር አንዲቷንም ፍሬ ያንተ ምላስ አላወቃትም።»

«በጩኸትህ ስንት እንዳስከፈልከን ግን አልነገርክም።»

«አንተ በዝምታህ ያስከፈልከንን ተናገር።»

ሹሙ ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አራተኛው ቁና እኔ ነኝ» አለች እታገኝ።

ይመር መራራ ሳቅ ሳቀ። «አንቺማ እንዳልንሽ ብትሰፍሪ ኖሮ ይሄኔ ሁላችንም ወደ ቤት እንገባ ነበር። እማዬንም ብቻዋን ባልተውሻት። እንግዲህ ማሳው አንድ ዓመት ጦሙን ይደር? ያንቺ እጅ ሰው ቤት ሆኖ ማን ያርሰዋል?»

«ዓመት ያልቃል» አለች። ከዚያ ወደ እናቷ ሳታይ፣ የበቅሎዋን ልጓም እያስተካከለች ቀጠለች። «እኔ ልጅ ሆኜ የተማርኩትን ሰፈርኩ። ዛሬ ፊት ዞሮ የተነገረኝን አልሰፈርኩም።»

ይህን ሲሰሙ ሁለቱም ወንድሞች እናታቸውን አዩ። አሮጊቷም፣ ባታይም፣ ፊቷን ወደ የሻረግ መለሰች። የሻረግ ተነሥታ ለመቆም በትሯን ተጫነች፤ ጉልበቷ እምቢ አለ፤ ልማዷ ሆኖ እጇን ወደ ጎን ዘረጋች። እታገኝ እዚያ አልነበረችም።

ከማዶ አያ እንድሪስ አህዮቹን እየጫነ ነው። ጋቢው ጨውና ዝናብ ጠጥቶ ግራጫ ሆኗል፤ በአንዱ ጭነት ላይ በጠፍር አስሮታል። አሞሌው አንዱም አልሟሟም።

በዚያ አገር ሹሙ በትሩን ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ሲመታ ገበያው ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ያልተዘጋ ቃል እንዳልተባለ ይቆጠራል፤ ማሳውም ለሦስቱ ይበጣጠሳል፤ ማንንም አያበላም። ሹሙ አንድ ጊዜ መታ። የሻረግ በሦስቱ መሐል ዓይኗን አንከራተተች። አንዱ ባይኖር ዘሩ አይገኝም ነበር፤ አንዱ ባያጠፋ ደግሞ መገነዣዋም ልጇም እንዲህ በርካሽ ባልሄዱ። የእሷም ጥፋት ከሦስቱ አያንስም፤ ይህን ከእሷና ከእታገኝ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አሁን ግን ሁሉም አውቋል። ሹሙ ሁለተኛውን መታ።

እንግዲህ የምትሰሙ ሁሉ፣ በየሻረግ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ ይምታችሁ፤ ጉልበታችሁ ይመማችሁ፤ መገነዣችሁም በአህያ ጀርባ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲወርድ እዩት። ምላሱ ዘጠኙን ያመጣውና የሞተውን የሸመተው ልጅ አለ፤ ዓይኑ ሕይወት ያለውን የለየውና አንዱን ቁና ያስቀረው ልጅ አለ፤ እጇ አላጎድልም ብሎ በጎደለው ቦታ ራሷን የሰፈረችው ልጅ አለች። በትሩ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሥቷል። ማሳው ለማን ይገባል?